የፈላ ውሃ ነው ያልነው ጠባሳ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 9 ቀን

ለልጄ አባት፣

እንደምን ከርመሃል? ስልኬን እንደማታነሳ ስለማውቅ ይህን በጭነት መኪና ሹፌር እጅ ልኬልሃለሁ። ሳትጨርሰው እንዳትቀደው፤ ግትርነትህን አውቀዋለሁ።

ልጃችን ሆስፒታል ተኝታለች። እግሯ ሲያብጥ ጸጉር ቤት ቀኑን ሙሉ መቆሙ ነው ብለን ነበር። ኋላ ደረጃ መውጣት አቃታት። ሐኪሙ ደረቷ ላይ ያለውን ጠባሳ ሲያይ፣ "መቼ ነው ኦፕራሲዮን የሆንሽው?" አላት።

"ኧረ ሆኜ አላውቅም! በሕፃንነቴ የፈላ ውሃ ፈሶብኝ ነው" ብላ ሳቀች።

ራጁን አሳያት፤ የደረቷ አጥንት በሽቦ ታስሯል። ዞር ብላ አየችኝ። አፈር ልብላ፣ ወለሉን አየሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኛ ሠላሳ ዓመት ፈጀበት። ከነቀዳዳ ልቧ መወለዷን፣ በሁለት ዓመቷ መሰፋቱን የደበቅኩት፣ ነገ "በሽተኛ ዳሩልን" እንዳይሉ ብዬ የክትትል ካርዷን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። በሠርጓ ሰሞን "ልንገራት" ስትል፣ "ከነገርካት ከዚህ ቤት ውጣ" አልኩህ። ሳትነግራት ወጣህ።

ሐኪሙ አልሸሸገኝም። ደሙን የሚያሳልፈው የልቧ ቫልቭ አልቋል፤ በየዓመቱ ብትታይ ኖሮ በጊዜ ይደረስበት ነበር። አሁን ጉበቷም ደክሟል። ደግሞ አንዴ የተከፈተ ደረት እንደ መጀመሪያው አይከፈትም አሉ፤ ልቧ ከአጥንቱ ሥር ተጣብቋል፣ መጋዙ ሊነካው ይችላል። "እንዲህ ካሉት ከአምስት አንዱ አይነሳም" አለኝ። "ቢቀርስ?" ስለው፣ "ዓመቱን አትዘልቅም" አለ። ቀጠሮዋ የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ነው። ፈርቻለሁ፤ በጣም ፈርቻለሁ።

ሦስት ቀን ዘጋችኝ። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ውሃ ለመጠጣት ነርሷን ትጠራለች። ትናንት ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች፣ "አባዬ ያውቅ ነበር?" አለችኝ።

"አያውቅም" አልኳት። "ያኔ መንገድ ሥራ ላይ ነበር። ሲመለስ ለእሱም የፈላ ውሃ ነው አልኩት።"

"እንግዲያው ጥሪልኝ። ስገባ እጄን የሚይዘኝ ሰው እፈልጋለሁ" አለች።

ናላት። እኔን ይቅር በለኝ አልልህም። ከበር ውጭ እቀመጣለሁ።

መንገዱን ያቅናልህ፤ ለእሷም ያድርስህ። ውሸት እንደማይሆንልህ አውቃለሁ። ስለ እሷ ብለህ አንዴ ብቻ፤ ስትነግርህ እንደ አዲስ ደንግጥ።

የልጅህ እናት