የተድኅሮ መስመር

ኅዳር 3 ቀን 1971
ዓሣ ገዛሁ። ቀረሶ... ትንንሽ ነው። ኮሌጅ ደግሞ የስታትስቲክስ ቃላትን ወደ አማርኛ መልሱ ተብለናል። “ሪግሬሽን” ላይ ተገትሬ ዋልሁ። ምን ልበለው?

ኅዳር 5
አባባን ጠየቅኋቸው። መሪጌታ ቤቴ ተቀምጠው ምን አስጨነቀኝ? እንዲህ አልኋቸው፦ አንድ እንግሊዛዊ የአባቶችንና የልጆችን ቁመት አስለካ። የረጃጅሞቹ ልጆች ረጃጅም ናቸው፤ ግን የአባቶቻቸውን ያህል አይደሉም፣ ወደ አማካዩ ይመለሳሉ። ነገሩን “ወደ ኋላ መመለስ” አለው። ዛሬ ቁመቱ ተረስቶ ስሙ ለሒሳቡ ቀረ።

“አንቺን አይቶ ነዋ!” ብለው ሳቁብኝ። እውነትም ትከሻቸው ጋ አልደርስም። ከዚያ ከግእዙ አውጥተው “ተድኅሮ በዪው” አሉኝ። ደስ አለኝ።

ኅዳር 12
ስብሰባ። ካድሬያችን ጓድ ደሞዝ ወረቀቴን አነሣ።

“የተድኅሮ መስመር! የአድኃሪ መስመር ማለት አይደል? ማን ነው ይህን የሚያስተምር?”

የሒሳብ መስመር ነው ማለት አቅቶኝ ነው? ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

“እኔ አይደለሁም። አንድ ደብተራ ነው የሰጠኝ።”
“ዘመድሽ ነው?”
“አይ... የሰፈር ሽማግሌ ነው።”
“ስሙ?”
“ዓምደ ሚካኤል።”

ጻፈ። ከዚያ የስም መቆጣጠሪያውን አየና ቀስ ብሎ ጠራኝ፤ “ጓድ አደይ... ዓምደ ሚካኤል።”

ከኋላ የሳቀ አለ። መሬት ብትውጠኝ። አባቴን “ነው” አልሁ... “ናቸው” እንኳ አላልሁም።

ኅዳር 13
ጧት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቀበሌ ወሰዷቸው።

ኅዳር 16
የጾም ሽሮ ይዤ ሄድሁ። ዘበኛው “ምናቸው ነሽ?” አለኝ። ልጃቸው አልሁ። ለዘበኛ መናገር ምን ያደርጋል?

ኅዳር 21
ተፈቱ። ከስተዋል። ቃሉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እሷ የሰማችውን ነው የጻፈች ብለው ፈርመዋል። ቃለ ጉባኤውን አንብበውላቸዋል... ያልሁትን ሁሉ ሰምተዋል።

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አነሡኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ምን ነበረበት?

ኅዳር 24
ማታ ውኃ ሰጠኋቸው። ጠጡና ጣሳውን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ።

“እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤት። አስቸገርሁዎ።”