ለተማሪዎችህ የነገርኸው፣ ለእኔ የደበቅኸው

ለአባዬ፤

ከሄድህ ሰባት ወር ከአሥር ቀን ሆነህ። ሰው ለሞተ አባቱ ናፍቆቱን ይጽፋል፤ እኔ ግን ተናድጄ ነው የምጽፍልህ። ናፍቆቱም አለ፣ እሱ ይቆይ።

ቤቱ እንደተውኸው አይደለም። የተማሪዎችህ ጎጆ ክረምቱን አልቻለም፣ ወደቀ። እነሱም መጽሐፋቸውን ይዘው ወደ ሌላ መምህር ሄዱ። ጠዋት ጠዋት አንዱን ቃል «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያልህ ስትተረጉም በመስኮት እየሰማሁ ነበር የምነቃው። አሁን አረፍዳለሁ።

የእማዬን ነገር ላንሣ። የደም ግፊት ክኒኗን አንድ ቀን አጓድላ አታውቅም ነበር። ከድብ ባሕር መንደር ወዲያ ወዳለው ጠበል ሱባኤ ልትገቡ ስትነሡ ክኒኑን ከቦርሳዋ አውጥተህ ለእኔ ሰጠኸኝ። ከጠበል ጋር ክኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ነው አልህ። እማዬ አንተ ያልኸውን መቼ እምቢ ብላ ታውቃለች! እኔም እጄን ዘርግቼ ተቀበልሁ። በዘጠነኛው ቀን ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ አላት፤ ሆስፒታል ሳትደርስ ማኪናው ውስጥ አረፈች።

ከቀብር ስንመለስ ጠየቅሁህ። ጠበሉንም ክኒኑንም የሰጠ እግዚአብሔር ከሆነ ምነው አንዱን አስጣልሃት? እሱስ እያየ ምነው ዝም አለ? ቀና ብለህ እንኳ አላየኸኝም።

«ዝም በይ። እግዚአብሔርን የሚጠይቅ ከሃዲ ነው» አልኸኝ።

አመንሁህ። ጥያቄው ግን ከልቤ አልወጣ ስላለ ራሴን ከከሃዲ ቆጠርሁ። ሁለት ዓመት ተኩል ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ቆሜ ተመለስሁ። አቡነ ዘበሰማያት ስጀምር አፌ ይያዝብኝ ነበር። ምነው አትገቢም ስትለኝ ወገቤን አሞኝ ነው እልህ ነበር። ያመንኸኝ መሰለኝ።

ባለፈው ወር፣ በመንፈቅህ ተዝካር፣ አንጋፋው ተማሪህ መጣ፤ አሁን አይከል ከተማ ቄስ ሆኗል። ሊያጽናናኝ ብሎ ያወራኝን ልንገርህ። እማዬ በሞተች በወሩ፣ ጌታ በመስቀል ላይ ሆኖ አባቱን ምነው ተውኸኝ ካለበት ቦታ ደርሳችሁ ነበር አለኝ። ሦስት ትርጓሜ አወረድህ፤ አራተኛው ላይ ስትደርስ መጽሐፉን አጠፍህ።

«ክኒኑን ያስጣልኋት እኔ ነኝ። እሱስ ምነው አልከለከለኝ? ጌታም ጠይቋል፣ እኔም እጠይቀዋለሁ» ብለህ በተማሪዎችህ ፊት አለቀስህ።

ቄሱ «ሃይማኖት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው» አለኝ። እኔ የያዝሁትን ሳህን አስቀምጬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እንዴት ቻልህ፣ አባዬ? ለሃያ የሰው ልጅ የነገርኸውን አንድ ልጅህን ነፈግሃት! ከእነሱ ጋር አልቅሰህ ቤት ትገባለህ፣ እራት አቀርብልሃለሁ፣ አንድ ጥያቄ ለሁለት ይዘን ፊት ለፊት ተቀምጠን ዝም እንባባላለን። እኔ ነፍሴን የጣልሁ መስሎኝ ስቃጠል አንተ መጠየቅ ክህደት እንዳልሆነ ታውቅ ነበር። አንድም ሴት ናት፣ ምን ይገባታል ብለህ ነው። አንድም ክኒኑን የተቀበለ እጄን ማየት ፈርተህ ነው። አንድም በልጅህ ፊት ጥፋተኛ መሆን ከብዶህ ነው። የትኛውም ቢሆን ያናድደኛል።

ባለፈው እሑድ ገብቼ ከሴቶቹ ጋር ቆምሁ። ጸሎቴ ሸጋ አልነበረም። እናቴን ምነው ወሰድህብኝ አልሁት፤ አባቴንስ ምነው እንዲህ ፈሪ አደረግኸው አልሁት። አልመለሰልኝም። ከሃዲ ነሽም አላለኝም።

ገና ይቅር አላልሁህም፣ አልዋሽህም። ግን የክርስትና ስምህን ከእማዬ ስም ቀጥለው በየቅዳሴው እንዲያነሡልኝ ለደብራችን ቄስ ሰጥቻለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ አላስቀርብህም። ስምህ ሲጠራ እየተቆጣሁብህ አሜን እላለሁ።

ልጅህ