የሥራ ጀማሪዎች ተያዥ የወይዘሮ ተሻለች ወልደ ጊዮርጊስ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ተሻለች ወልደ ጊዮርጊስ ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ጊዮርጊስ አበራ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋዬ ደስታ ጥቅምት 12 ቀን 1963 ዓ.ም. በኢተያ ከተማ ተወለዱ። አባታችን እህል ነጋዴ ነበሩ። መጋዘኑ ከመኖሪያ ቤታችን ጋር የተያያዘ ስለነበር በመኸር ወራት ስንዴው መኝታ ቤታችን ድረስ ይገባ ነበር። እኅታችን ከአራት ልጆች ሁለተኛዋ ናቸው፤ ይህን የምጽፈው እኔ አሳምነው ደግሞ የመጨረሻው ነኝ። በልጅነታቸው ዝምተኛና እልኸኛ ነበሩ። ከሰል ይዘው በጆንያ ላይ የቤት ፕላን ይስሉ ስለነበር አባታችን "ይቺ ልጅ ስንዴዬን አጥቁራ ልታስጥለኝ ነው" እያሉ ይቆጧቸው ነበር። ቢቆጧቸውም አልተዉም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በኢተያ ከተከታተሉ በኋላ አሰላ በአክስታችን በወይዘሮ የውብዳር ቤት ተቀምጠው በ1981 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀቁ። ከዚያም አዲስ አበባ ገብተው በ1984 ዓ.ም. በቅየሳና ድራፍቲንግ በዲፕሎማ ተመረቁ። ቤተሰቡ በግ አርዶ ተቀበላቸው። ይሁንና ዘመኑ የመንግሥት ምደባ የቀረበት፣ ተመራቂ ሁሉ ሥራውን ራሱ እንዲፈልግ የተባለበት ጊዜ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ሄደው "ልምድ አለሽ ወይ?" ሲሏቸው "ዘንድሮ ነው የተመረቅሁት" ብለው መለሱ። "እንግዲያው ልምድ ይዘሽ ነይ" ተባሉ። ይህን ንግግር ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያነሱት ኖረዋል። ሁለት ዓመት ኢተያ ተቀምጠው የአባታችንን ሚዛን ሲጠብቁ "ልምዱን የሚሸጡበት ገበያ ካለ ንገረኝ" ይሉኝ ነበር። እኔ ልጅ ስለነበርኩ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. አሰላ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት በድራፍቲንግ ባለሙያነት ተቀጠሩ። የልባቸው ሥራ እርሱ ነበር። በ1990 ዓ.ም. በመንገድ ሥራ ቀያሽ ከነበሩት ከአቶ እንደሻው ገብረ ሕይወት ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋብቻቸውን ፈጸሙ፤ በ1992 ራሄልን፣ በ1998 ሮሐን ወለዱ። በመካከሉ፣ በ1993 ዓ.ም.፣ መሥሪያ ቤታቸው ሲታጠፍ በከተማው ወደሚገኝ የሙያ ማሠልጠኛ በመምህርነት ተዛወሩ።

በ1996 ዓ.ም. ሠልጣኞች ግማሹን ትምህርት በሥራ ቦታ ሆነው እንዲማሩ ተወሰነ። ልጆቹን ተቀብሎ የሚያለማምድ ድርጅት ፈልጎ የሚያስማማ አስተባባሪ ማስፈለጉን ተከትሎ መምህራኑ አንድ በአንድ ራሳቸውን አገለሉ። ዲኑ እኅታችንን ጠርተው "ለአንድ ሴሚስተር ብቻ ያዢልን" አሏቸው። እኅታችን እሺ አሉ። ያ አንድ ሴሚስተር ከሃያ ዓመት በኋላም ሳያልቅ አረፉ።

ያኔ አሰላ ውስጥ ተማሪ የሚቀበል ድርጅት አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። እኅታችን ዱቄት ፋብሪካውን፣ ጋራዡን፣ ሆቴሉን፣ እንጨት ቤቱን በእግራቸው አዳረሱ። አቶ ቦንሳ የሚባሉ ባለ ጋራዥ "መምህርት፣ ተማሪ ብሎን ይጥላል። መኪናው የሰው ነው፤ እኔ ምን ብዬ እመልሳለሁ?" አሏቸው። እኅታችንም "ይጣል፤ እስኪያገኘው እኔ እዚህ እቀመጣለሁ" ብለው አንድ የጎማ ቸርኬ ገልብጠው ተቀመጡ። ይዘውት የመጡት ሠልጣኝ በእርግጥም ብሎን ጣለ። እኅታችን ከልጁ ጋር ግሪስ ውስጥ ተንበርክከው ሲፈልጉ አቶ ቦንሳ አፍረው "በቃ፣ ቶሌ! ይምጣ ነገም" አሉ። ዛሬ በዚህ ቀብር ላይ ከተገኙት መካከል አቶ ቦንሳ አንዱ ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋራዣቸው ያለ ሠልጣኝ የዋለበት ጊዜ እንደሌለ ትናንት በለቅሶ ቤት ነግረውናል።

ልጆቹ ልምምዳቸውን ጨርሰው ሲመረቁ ግን ሌላ ግድግዳ ይጠብቃቸው ነበር። በዜሮ ዓመት ልምድ የሚቀጥር ተገኘ ሲባል ቀጣሪው ደመወዝተኛ ተያዥ ይጠይቃል። የገበሬ ልጅ ደመወዝተኛ ከየት ያመጣል? በ2001 ዓ.ም. ዘይቱና የምትባል ተመራቂ ለሆቴል ገንዘብ ተቀባይነት ተመርጣ ተያዥ በማጣቷ ልትቀር ስትል እኅታችን ከመሥሪያ ቤታቸው ደብዳቤ አጽፈው ተያዥ ሆኑላት። አንድ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ ተያዥ መሆን አይችልም። ዘይቱና ሥራዋን አደላድላ ሌላ ሰው ስትተካ የእኅታችን ስም ወረደ፤ በማግስቱ ለሌላ ልጅ ፈረሙ። እንዲህ እየተቀባበሉ ብዙ ልጆች በእርሳቸው ስም ሥራ ጀመሩ። አንድም ያሳፈራቸው አልነበረም።

በ2006 ዓ.ም. ተያዥ የሆኑት የኦጎልቾ ልጅ ለሆነው ለሙንተሲር ቱፋ ነበር። ሙንተሲር የእርሻ መሣሪያ በሚያከራይ የግል ድርጅት የአሰላ ቅርንጫፍ በንብረት ክፍል ጀማሪነት ተቀጠረ። ዓመት ሳይሞላው ድርጅቱ ቅርንጫፉን ዘጋ። ልጁ የተረከበውን ንብረት ቆጥሮ አስረክቦ አቦምሳ ሌላ ሥራ ያዘ። የእኅታችንን ተያዥነት የሚያወርድ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ግን አልቀረም።

ችግሩ የታወቀው በ2007 ዓ.ም. ነው። አቶ እንደሻው በሥራ ወደ ጂማ ተዛወሩ። እኅታችንም እዚያው ጂማ፣ በአንድ የዲዛይን ቢሮ በድራፍቲንግ ባለሙያነት አመልክተው አለፉ። ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ሙያቸው መመለሳቸው ነበር። ከደስታቸው ብዛት የመሳያ እርሳሶቻቸውን ከሣጥን አውጥተው ሲቀርጹ አየኋቸው። ዕቃ እየታሰረ ሳለ ለመልቀቂያ ወደ ሰው ኃይል ክፍል ሄዱ።

"ክሊራንስዎ አይሞላም" አላቸው ሠራተኛው፤ "ተያዥነትዎ አልወረደም።"

"ድርጅቱ እኮ ተዘግቷል።"

"ይዘጋ። ደብዳቤ ያምጡ።"

"ከማን?"

"ከድርጅቱ ነዋ።"

ሠራተኛው ክፉ ሰው አልነበረም። ሕጉ የሚለውን ነው የተናገረው። ሙንተሲር ከአቦምሳ መጥቶ ሁለቱ አብረው ዋናውን መሥሪያ ቤት ፍለጋ አዲስ አበባ ወጡ። በአድራሻው የቆየው ዘበኛ "ለቀዋል" አላቸው፤ ወዴት እንደሆነ አያውቅም። ሌላ ሰፈር ተጠቁመው ሲሄዱ ሰሌዳው የተነቀለበትን ግድግዳ አገኙ። ፍርድ ቤት ቢያመለክቱም ተከሳሹ ሊገኝ አልቻለም። ያለ መልቀቂያ ቢሄዱ ደግሞ የሥራ ልምዳቸውና ጡረታቸው ሜዳ ላይ ሊቀር ነው፤ የጂማውም ቢሮ ያለ ክሊራንስ አይቀበልም። ሙንተሲር "በእኔ የተነሣ ነው፤ እኔን ይክሰሱኝ" እያለ ሲያለቅስ እኅታችን "አንተ ምን አጠፋህ? ሥራ ነው የያዝከው" ብለው አጽናኑት። ጂማ ያለው ቢሮ ሁለት ጊዜ ጠብቆ ሌላ ሰው ቀጠረ። የታሰረው ዕቃ ተፈታ።

ከዚያ በኋላ ትዳራቸው ከበዓል ወደ በዓል ሆነ። አቶ እንደሻው ለመስቀልና ለፋሲካ ይመጣሉ፤ ልጆቹ ሳይጠግቧቸው ይመለሳሉ። እኅታችን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መናኸሪያው ድረስ ይሄዱና የአዳማው አውቶቡስ እስኪሞላ ቆመው ያዩ ነበር። አንድ ቀን አግኝቼያቸው "ሰው ልትሸኚ ነው?" አልኳቸው። "አይደለም። ረዳቱ 'የቀረ! የቀረ!' ሲል ደስ ይለኛል" አሉኝ። ከዚያ ደግሞ ድምፃቸው ተለውጦ "አሳምነው፣ እኔኮ እስር ቤት አይደለሁም። የሚጠብቀኝ ሰው የለም፣ የተቆለፈ በር የለም። ለምንድን ነው መሄድ ያቃተኝ?" አሉኝ።

ለሌላ ልጅ ተያዥ መሆንም አልቻሉም፤ ያቺ አንዷ ቦታ በሙንተሲር ስም ተይዛለች። ባልደረቦቻቸውን ቢለምኑም የእርሳቸውን ያዩ ሁሉ ፈሩ። እንዲያውም እረፍት ሰዓት ሲገቡ ሻዩን ጀምሮ የሚነሣ መምህር እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ ያወሩ ነበር። በዚህ ጊዜ ነው መንገዱን የቀየሩት። ልምምድ የሚቀበሉትን ድርጅቶች አንድ በአንድ ዞረው "ይህን ልጅ ወራት አብራችሁት ውላችኋል። ጠባዩን እኔ ከማውቀው እናንተ ታውቁታላችሁ። ታዲያ ደግሞ ምን ተያዥ ትጠይቁታላችሁ?" እያሉ ይሞግቱ ጀመር። አንዳንዱ ሳቀባቸው። አንዳንዶቹ፣ በተለይ ትልልቆቹ፣ "የዋናው መሥሪያ ቤት መመሪያ ነው" ብለው መለሷቸው። አቶ ቦንሳና አንድ ዱቄት ፋብሪካ ግን ተስማሙ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ዛሬ በአሰላና በኢተያ ያለ ተያዥ በልምምዳቸው የተቀጠሩ ወጣቶች በየሥራ ቦታው አሉ።

በ2014 ዓ.ም. የበኩር ልጃቸው ራሄል በአካውንቲንግ ተመርቃ በዜሮ ዓመት ልምድ ማስታወቂያ ባወጣ የግል ድርጅት ተወዳድራ አለፈች። ደመወዝተኛ ተያዥ አምጪ ተባለች። አባቷ በኮንትራት ስለሚሠሩ አልተቀበሏቸውም፤ እኔ ነጋዴ ነኝ፤ እናቷ ተይዘዋል። የተሰጣት ቀን አለፈ። ራሄል "እማዬ፣ ለሰው ልጅ ሆነሽ ለእኔ ሳትሆኚ ቀረሽ" አለቻቸው። እኅታችን ወደ ጓዳ ገቡ። ራሄል ይህ ነገር በዚህ ጽሑፍ እንዲገባ የፈለገችው ራሷ ናት፤ እናቷ ምን ያህል እንደ ከፈሉ ሰው ይወቅ ብላ ነው። ወሬው አቦምሳ ሲደርስ ሙንተሲር መጣ። "እንዴት ለእኔ አይነገረኝም? እኔ ደመወዝተኛ አይደለሁም እንዴ?" ብሎ ተቆጣ። በዓመቱ ራሄል አዳማ ሌላ ቦታ ስታልፍ ተያዥ የሆናት እርሱ ነው፤ እስከ ዛሬም በዚያው ትሠራለች። እኅታችን ልጃቸውን በዚያው መናኸሪያ ሸኝተው ሲመለሱ እንዴት እንዳለቀሱ አብሬያቸው ስለነበርኩ አውቃለሁ።

አቶ እንደሻው በ2015 ዓ.ም. በወገብ ሕመም ሥራቸውን ለቀው ተመለሱ። ሁለቱ ከብዙ ዘመን በኋላ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆኑ። እኅታችን እርሳሳቸውን እንደ ገና አውጥተው የጎረቤት ቤት ፕላን መሳል የጀመሩት በዚህ ጊዜ ነበር። የደስታ ጊዜያቸው አጭር ሆነ። በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ወር የጨጓራ የመሰለ ሕመም ጀመራቸው፤ በምርመራ ካንሰር መሆኑ ታወቀ። በአዳማና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው በዚህ ዓመት በጥቅምት ወር ወደ አሰላ ተመለሱ።

በሆስፒታል ሳሉ ለሊሴ የምትባል በተግባር ልምምድ ላይ ያለች የነርስ ተማሪ ግሉኮስ ልትተክልላቸው መጣች። ደም ሥሩን ሳተችው። ዋናዋ ነርስ አዝና "ተይው፣ እኔ ልጨርሰው" ስትል እኅታችን "እሷው ትድገመው፤ የት ሄዳ ትማረው?" አሉ። ልጅቷ "ይቅርታ እማማ" አለች። "አይዞሽ፣ ተረጋጊ። እኔ የትም አልሄድም" አሏት። በሁለተኛው ተሳካላት። መርፌውን አሽጋ ሳትጨርስ "ስትመረቂ የት ልትገቢ ነው ያሰብሽው?" ሲሉ ጠየቋት። "ገና አላሰብኩም" ስትል ተቆጧት፤ ስልካቸውን ከትራሳቸው ሥር አውጥተውም የሚያውቋቸውን ሁለት ክሊኒኮች ስልክ ነገሯት።

ወይዘሮ ተሻለች ሐሙስ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ረፋድ ላይ በ55 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ይህ ጽሑፍ እስከ ተዘጋጀበት ሰዓት ድረስ የተያዥነታቸው ማውረጃ ደብዳቤ አልተገኘም። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ዓርብ በትውልድ ከተማቸው በኢተያ፣ በወላጆቻችን መቃብር አጠገብ ይፈጸማል።

ባለቤታቸው አቶ እንደሻው፣ ልጆቻቸው ራሄልና ሮሐ፣ ሦስት እኅትና ወንድሞቻቸው፣ እንደ ልጅ የሚያዝንላቸው ሙንተሲር ቱፋ ከእነ ቤተሰቡ እና በርካታ ተማሪዎቻቸው በኀዘን ላይ ይገኛሉ።

ትናንት የሥራ ባልደረቦቻቸው ለለቅሶ ሲመጡ፣ እኅታችን ከመታመማቸው በፊት ቦታ ያመቻቹላቸው ሠልጣኞች ሰኞ ልምምድ ሊጀምሩ እንደነበር ነግረውናል። ስለ ኀዘኑ በሳምንት እንዲራዘም አስበው ቤተሰቡን ጠየቁ። ራሄል ከተቀመጠችበት ተነሥታ "አይሆንም። ቦታው በሳምንት ውስጥ ለሌላ ይሰጣል። ሰኞ ይውጡ" አለች። እነሆ ሰኞ ይወጣሉ።

የእኅታችንን ነፍስ ፈጣሪ ወደ ሰፊው ዕረፍቱ ያስገባልን። ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው ጽናቱን ያድልልን። ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ከጎናችን የቆማችሁ ሁሉ በደስታችሁ ቀን ያገናኘን። አሜን።