ወተት የሌለበት ሾርባ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬም ካፖርት። የቁልፍ ቀዳዳ ስዘመዝም ዋልኩ። ጣቶቼ ጠዋት ጠዋት እንጨት ናቸው፤ አልታጠፍ ይላሉ። መቀሱ ከእጄ አመለጠ። አለቃ ጎንበስ ብሎ አነሳና፣ «እትዬ፣ እስቲ እስከ ወሩ መጨረሻ እንይ» አለኝ። በለስላሳ ድምፅ። ክፉ ነገር ሁሌ በለስላሳ ድምፅ ነው የሚመጣው።

እንይ... ምኑን ነው የሚያየው? ከልብስ ስፌቱ ከወጣሁ ልጄ ቤት ጥግ ይዤ የሰው እጅ ማየት ነው። የልጄን እጅ ቢሆን ምንም አልነበረ። የምራቴን ነው።

ፊደል የቆጠርኩት ልጄን ከዳርኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ጥሩ አደረግሁ። የሆዴን ለማን እነግር ነበር? ወረቀት ሰው አያማም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

የመገጣጠሚያ ሐኪሙ ኪኒን ሰጥቶ ወደ ምግብ ባለሙያ መራኝ። ለመብላት ደግሞ ባለሙያ? ያለ ባለሙያ ስበላ አርጅቼ!

አንዲት ቀጭን ልጅ ናት። ራሷ በልታ የምታውቅ አትመስልም። እንቅልፌን ጠየቀች፣ ሆዴን ጠየቀች፣ ንዴቴን ሳይቀር።

«ንዴት ደግሞ ይበላል?» አልኳት።

«እሱ ነው ሰውን የሚበላው፣ እማማ።»

አፏ አያርፍም። ኪኒኑ ሕመሙን ያስታግሣል፣ እሷ ደግሞ የሚቀሰቅሰውን ትፈልጋለች አሉ። ወተትና ከወተት የሚወጣውን ሁሉ ለጥቂት ሳምንት ላቆም ነው።

«ኪኒኑን ግን እንዳያቋርጡ። ወተት የሁሉም ሰው ጠላት አይደለም፤ የእርስዎም ላይሆን ይችላል። ቤት ውስጥ ጠብ ሲበዛ አንዱን ለጊዜው ዘመድ ጋ ልከው ያዩ የለም? ቤቱ ከረጋ፣ የሚበጠብጠው ማን እንደሆነ ይታወቃል።»

«የምትልኪው እኔን ቢሆንስ?»

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

አርብ፣ ጥቅምት 8

ለምራቴ ነገርኳት። የምታበስለው እሷ ናት።

«ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ አይብ የለም።»

«እማዬ፣ እንዲህ ከስተው?»

«የተባልሽውን አድርጊ።»

«ያቺ ባለሙያ ግን በደንብ አይታዎታለች?»

ልጄ ከስልኩ ቀና አላለም። እናቱና ሚስቱ ሲነጋገሩ ጆሮው ይደፈናል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ጣቴ ያው። ሾርባው ግን ይጣፍጣል... ለበሽተኛ እንዲህ ይጣፍጣል?

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

የምራቴ እህት ወልዳ፣ ምራቴ ከሐሙስ ጀምሮ እዚያ ናት። እኔው ለራሴ ምስርና ድንች ስቀቅል ሰነበትኩ። ዛሬ ክሩ በመጀመሪያው ሙከራ መርፌው ውስጥ ገባ። መቼም አጋጣሚ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ምራቴ ማክሰኞ ተመለሰች። እብጠቱም አብሯት ተመለሰ። ቀጭኗ ጋ ሄጄ ጮህኩባት።

«ወተቱን ትቼ ምን አገኘሁ?»

«አንድም የተሻለዎት ቀን የለም?»

«ሰኞ።»

«ያን ሰሞን ያበሰለልዎ ማን ነበር?»

«እኔው።»

ብዕሯን አስቀመጠች። የቀረውን እኔው በልቤ ጨረስኩት። ይቺ ምራት! እጄ ተይዞ፣ ከሥራ ወጥቼ፣ እግሯ ሥር እንድቀመጥላት...

አርብ፣ ጥቅምት 29

ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ። ጫማዬን አውልቄ፣ ኮቴዬን አጥፍቼ ገባሁ። ምራቴ ምድጃው ጋ ናት። የእኔ ሳህን ለብቻው ተቀምጧል። ከጣሳ ነጭ ዱቄት በማንኪያ እየዛቀች ሾርባዬ ላይ ታማስላለች።

«ምንድን ነው?»

ማንኪያው ወደቀ።

«የወተት ዱቄት ነው... እማዬ፣ አይቆጡኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።» እንባዋ መጣ። «እየከሱ ነው። ቀሚስዎ መስቀያ ላይ የተንጠለጠለ ነው የሚመስለው። እናቴም እንዲህ እየሳሳች ነው የሄደችብኝ። ዝም ብዬ ልይዎ?»

መንገድ ለመንገድ ስድብ አሰናድቼ ነበር፤ ጎንበስ ብዬ ማንኪያውን አነሳሁ። ሰው ከእኔ ሲደብቅ ነው የማውቀው። ለእኔ ብሎ የደበቀ አይቼ አላውቅም።

«ቂል!» አልኳት። ጣሳውን ከድኜ፣ «ነገ ቀጭኗ ጋ አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አልኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ቀጭኗ አልተቆጣቻትም። «መክሳታቸው እኔንም ያሳስበኛል፤ ቀድሜ አንቺን ማነጋገር ነበረብኝ» አለቻት። በወተቱ ፈንታ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ባቄላ፣ ለውዝ ጨመረች። የምራቴ ጥያቄ አያልቅ! እኔን ረስተው ሁለቱ ስለ ሆዴ ይመካከራሉ። ሙከራው እንደ አዲስ ተጀመረ።

ወሩ ግን አለቀ። ከሰዓት በኋላ አለቃ ፊት ቆምኩ። ሰው ለምኜ አላውቅም።

«አንድ ወር ጨምርልኝ፣ እባክህ።»

«እትዬ፣ ‹እባክህ› የሚል ቃል ያውቃሉ እንዴ?»

«ዛሬ ተማርኩት።»

ጨመረልኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

የጠርሙስ ክዳን በገዛ እጄ ከፈትኩ። ማንም አላየኝም። ዘጋሁና ደግሜ ከፈትኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

በቀጭኗ ትእዛዝ ትናንት አንድ ብርጭቆ ወተት ጠጣሁ። ምራቴ እንደ ምስክር ፊት ለፊቴ ተቀምጣ። ዛሬ ጠዋት ጣቶቼ አብጠው ተነሱ። ተናደድኩ ብል ውሸት ነው። ሌባው ተያዘ! ምራቴ ወዲያው ጣሳውን ለጎረቤት ሰጠች።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

ትናንት አለቃ ካፖርቱን ወደ መስኮቱ ወስዶ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ አየ። አውራ ጣቴ አሁንም ግትር ነው፤ አልደበቅኩትም። «ወፍራሙን ጨርቅ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ፤ ስሱ የእርስዎ ነው። ወንበርዎን ማንም አይነካውም» አለ። ቀና ብዬ አላየሁትም። ካየሁት ማልቀሴ ነው።

ዛሬ ማለዳ ምራቴን ይዤ ቀጭኗ ጋ ሄድኩ። ጨጓራዋ ሲያቃጥላት እንደከረመ የደረስኩበት እሁድ ነው። ለእኔ ሳህን ስትጨነቅ የራሷን ቆማ ነው የምትጎርሰው። አልሄድም ብላ ነበር... ጎትቼ ወሰድኳት።

«ጠይቂያት» አልኩ በሩን ከፍቼ። «ለእኔ አትናገርም።»

«እማማ፣ እርስዎስ አይገቡም?»

«አልችልም፤ ሥራ አለኝ።»

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ እንዲሰሙ።