አይሆንም የሚለው ቁልፍ

የካቲት 6

ዛሬ የፍለጋውን ገጽ አፋጠንኩት። ሰው «ፈልግ» ብሎ ከተጫነ በኋላ ተቀምጦ የሚያያት ክብ ምልክት አሁን ብዙም አትዞርም። ማንም አላመሰገነኝም። ይሁን።

ማታ ቤት ስገባ አከራዬ በር ላይ ያዙኝ።

«ግን አንቺ ሥራሽ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት የጠፋበት ሰው ዌብሳይታችን ላይ የመድኃኒቱን ስም ይጽፋል፤ የትኛው ፋርማሲ ውስጥ እንዳለ እንነግረዋለን።»

«ታዲያ ዶክተር ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ፋርማሲስት?»

«አይደለሁም እትዬ።»

«እንግዲያው መሀል ሰፋሪ ነሽ» ብለው ገቡ። እውነታቸውን ነው።

የካቲት 9

አቶ ግራፍ ሰበሰበን። አለቃችን ማለቴ ነው... ሲደሰትም ሲቆጣም ግራፍ ነው የሚያሳየው። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ። እዚህ ማስታወሻዬ ላይ ግን የኔ ቤት ነው፣ አንተ ነው።

አዲስ ነገር አምጥቷል። ሰው ገጻችን ላይ የሚያደርገውን ሁሉ መከታተል። ከፈተ፣ ፈለገ፣ የፋርማሲውን ስልክ ነካ፣ ተመልሶ መጣ። እስከዛሬ ይሄን ሰዉ ስልኩ ላይ ገጹን ከሚከፍትበት ከብሮውዘሩ ነበር የምንለቅመው፤ አሁን የሰዉ ብሮውዘር እየከለከለን ተቸገርን። ስለዚህ ክትትሉ ወደ ሰርቨራችን፣ ገጹ ወደሚቀመጥበት የራሳችን ኮምፒውተር፣ ይዛወር ተባለ።

«ብሮውዘሩ የሰው ነው፣ ሰርቨሩ ግን የኛ ነው። በገዛ ቤታችን ማን ይከለክለናል?» አለ። ዓይኑን በጨው አጥቦ።

እኔ አንድ ነገር ጠየቅኩ። «ገጹ ሲከፈት "እንድንከታተልዎ ይፈቅዳሉ?" ብለን እንጠይቃለን። አይሆንም የሚለውን የሚጫነው ሰውስ?»

«እሱ የብሮውዘሩ ጉዳይ ነው» አለና ወደ ሌላ ግራፍ ተሻገረ።

የብሮውዘሩ ጉዳይ... ሰውየው አይሆንም ያለው ማንን ነው? ብሮውዘሩን ነው ወይስ እኛን?

ሥራው ለዝምታው ተሰጠ። ዝምታው አጠገቤ የሚቀመጠው ነው፤ በሳምንት አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገር ነው፣ እሱንም ለኮምፒውተሩ። ራሱን ነቀነቀና ጀመረ።

የካቲት 17

ተጀመረ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሏል። «ፈለገ»፣ «ከፈተ»፣ «ደወለ» እያለ ይወርዳል። አቶ ግራፍ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሞ ሲያይ ዋለ። የተለቀመው ሁሉ ለአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ይላካል አሉ። ገና ሙከራ ነው አሉ።

የካቲት 21

ትንሿ ደወለች። ታናሽ እህቴ። ድምጿን ስሰማ ገና ነገር እንዳለ አወቅኩ።

«ለማንም ተናግረሻል?»

«ምኑን?»

«የኔን ነገር።»

ትንሿ ከልጅነቷ ጀምሮ በሽታ አለባት። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፣ የሷ ነው። መድኃኒቷን ከወሰደች እንደማንም ሰው ናት፤ ከተነሳባት ዓመታት አልፈዋል። ባሏ ያውቃል። የሚኖሩት ግን እናቱ ቤት ነው፤ አማቷ አያውቁም። እንዲያውቁም አይፈለግም፤ እንዲህ ያለ ሰው ከቤታቸው እንዳይገባ የሚሉ ሴትዮ ናቸው። በአፋቸው ሲሉ ሰምታቸዋለች፣ ስለ ጎረቤት ልጅ።

ዛሬ ምሳ ላይ የአማቷ ስልክ ጮኸ። እኛ ጋ ያለው አካውንት የቤቱ የጋራ ነው፤ ትንሿም መድኃኒቷን የምትፈልገው በሱ ነው፣ የተከፈተው ግን በሳቸው ቁጥር ነው። መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት። «የእንትን መድኃኒትዎ እንዳያልቅብዎ፤ በቅናሽ እቤትዎ ድረስ እናመጣለን።» በሽታው በሙሉ ስሙ ተጽፏል።

«እዚህ ቤት ይሄ ያለበት ማነው?» አሉ።

 ባሏ «ተሳስተው ነው» አለ። 

«እኔ እኮ አይሆንም የሚለውን ተጭኛለሁ» አለች። «ሁልጊዜ ነው የምጫነው። አንቺ አይደለሽ ያሳየሽኝ?»

 እኔ ነኝ ያሳየኋት። ተጫኚው፣ ማንም አያይሽም ብዬ። አሁን ምን ልበላት?

የካቲት 22

ጠዋት ኮዱን ከፈትኩት። ብዙ መፈለግም አላስፈለገኝ። አይሆንም የሚለው መልስ ያለው ብሮውዘሩ ውስጥ ነው፤ እዚያው ነው የቀረው። ሰርቨሩ ሰምቶት አያውቅም። ስለዚህ የፈቀደውንም የከለከለውንም እኩል ይልካል፣ ከስልክ ቁጥሩ ጋር።

ዝምታውን ጠራሁት። «አይሆንም ያሉትን የት ጋ ነው የምታጣራቸው?»

ስክሪኑን ረጅም ጊዜ አየው። «አላጣራኋቸውም። መልሳቸው እዚህ አልደረሰም።» ጆሮው ቀላ። «ማሰብ ነበረብኝ።»

ሦስት ዓረፍተ ነገር። አዘንኩለት፤ እሱ ክፉ ሰው አይደለም። ክትትል ለሚሠራ ሰው ሁሉ የሚደርስ ነው። በሩን ከጓሮ ከፍተህ ስትገባ ከፊት ለፊት የተለጠፈውን «አትግቡ» አታየውም።

ከሰዓት በፊት ራሴ ጻፍኩት። የሰዉ መልስ ሰርቨሩ ጋ እንዲደርስ፣ ማንኛውም ነገር ከመላኩ በፊት ሰርቨሩ እንዲጠይቅ። አይሆንም ካለ ዝም በል። በቃ ይሄው ነው። ዝምታው አየው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሰርቨሩ ላይ ለቀቅነው።

የግድግዳው ግራፍ ቁልቁል ወረደ። ከግማሽ በላይ ሰው አይሆንም ብሎን ነበር። ከግማሽ በላይ። እኛ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ...

የካቲት 23

አቶ ግራፍ ጠራኝ። በሩን ዝጊው አለኝ።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ለእኛስ ማን ፈቀደልን?»

ይሄን ማለቴን እስካሁን አላምንም። ግን ብያለሁ፣ ደግም አድርጌያለሁ።

«ሙከራውን አበላሸሽ። የማስታወቂያ ድርጅቱ ሰዎች በመጪው ሳምንት ይመጣሉ፣ ያንን ግራፍ ነው የማሳያቸው? የጻፍሽውን መስመር አውጪው።»

«አላወጣም።»

«ማን ቅሬታ አቀረበ? አንድ ሰው አሳዪኝ።»

እዚህ ጋ ዋጥኩት። «እህቴ» ብለው ነገሩ ያበቃ ነበር። ግን የትንሿ ጉዳይ የኔ ማስረጃ አይደለም። እሷ አይሆንም ያለችውን እኔ ለመከራከሪያ ላወጣው?

«የሰው ነገር ነው፣ አልናገርም» አልኩት።

«እንግዲያው የለም ማለት ነው» አለ። እንግዶቹ እስኪመጡ ጊዜ ሰጠኝ። ካላወጣሁ ስለ ሥራዬ እንዳስብበት አስጠነቀቀኝ።

አስቤያለሁ። አፍንጫህን ላስ።

የካቲት 25

አላወጣሁም።

የካቲት 26

ዛሬ ሰይጣን ጎበኘኝ።

አቶ ግራፍም አካውንት አለው። ቢሮ ሆኖ ሲፈልግ አይቼዋለሁ፣ ሰው ሲመጣ ቶሎ ብሎ ይዘጋዋል። በሙከራው ጊዜ የተለቀመው ሁሉ ሰርቨሩ ላይ ተቀምጧል። አንድ ትእዛዝ ብጽፍ የሱን ፍለጋ በሙሉ አየዋለሁ። ምን ይሆን የሚፈልገው? ለሚሳሳው ፀጉሩ? ለሚያቃጥለው ጨጓራው? ሌላ?

ትእዛዙን ጻፍኩት። «እሺ» የሚለውን መጫን ብቻ ነበር የቀረኝ። እጄ እዚያው ቆመ።

አጠፋሁት። እኔ ካየሁት ከሱ በምን ተሻልኩ? እምቢ ማለት ለሱ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለራሴም ነው ለካ። ለራስ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፣ ቆሽት ያሳርራል።

የካቲት 28

ትንሿ መጣች። ከስታለች። አማቷ ነገሩን አልተዉትም። የሷን መሳቢያ ከፍተው አይተዋል፣ ቦርሳዋ ያለ ቦታው ተገኝቷል። መድኃኒቷን ጫማ ውስጥ ነው የምትደብቀው አሁን። የገዛ መድኃኒቷን፣ ጫማ ውስጥ።

«ሰረቅኩ እንዴ?» አለች። «ንገሪኝ፣ ምን ሰረቅኩ?»

መረጃዋን ለማስታወቂያ ድርጅቱ የላከው የኛ ሰርቨር መሆኑን ነገርኳት።  ከዚያ «አሁንስ ይልካል?» አለች።

«አሁን አይልክም። አቁሜዋለሁ።»

«መልሰው እንዲያስጀምሩት አትፍቀጂ» አለች። እሺ አልኳት። እሺ ካልኩ እሺ ነው።

መጋቢት 2

እንግዶቹ መጡ። ሁለት ናቸው፤ የምትናገረው ግራጫ ኮት የለበሰችው ሴትዮ ናት። ፕሮጀክተሩ በራ፣ አቶ ግራፍ ጀመረ። ግራፉ የወረደበት ቦታ ሲደርስ ሳቅ ብሎ «ትንሽ የቴክኒክ ችግር ነው፤ ያመጣውን መስመር ባለሙያችን ዛሬ ታወጣዋለች» አለ። ወደኔ ዞረ።

ተነሳሁ። 

«ከማውጣቴ በፊት እንግዶቻችን ምን ምን እንደምንልክ ቢያዩት ጥሩ ነው» አልኩ። «ለምሳሌ የሚሆን አንድ ሰው ያስፈልገናል። አለቃዬ፣ ከፈቀዱልኝ የእርስዎን አካውንት ልክፈተው? በቅርቡ የፈለጉትን ብቻ ነው።»

«የእኔን?»

«አዎ። እኔም አላየሁትም፣ አብረን እናየዋለን።»

 አቶ ግራፍ እጁን ዘርግቶ ላፕቶፑን ዘጋው። ግድግዳው ሰማያዊ ሆነ።

«አያስፈልግም» አለ።

ወደ ሴትዮዋ ዞርኩ። «እርስዎስ? አካውንት ካለዎት...»

«የለኝም» አለች ቶሎ ብላ። ትንሽ ቆየችና «አለኝ። ግን አይሆንም» አለች። ያለችውን ራሷ ሰማችው መሰለኝ፣ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እነሱም ያሉት እሱን ነው» አለ አንድ ድምፅ። ዝምታው ነው። ሁሉም ዞር ብለው አዩት። እሱ ጠረጴዛውን ያያል።

መጋቢት 3

ከሥራዬ ተነሳሁ። አልተባረርኩም፣ «ለጊዜው» የደንበኞች ስልክ ላይ እንድቀመጥ ነው። የሰርቨሩ መግቢያዬ ተዘግቷል። የተቀጣ ልጅ ጥግ እንደሚቆመው፣ በቀይ ማዳመጫ ጥግ ተቀምጫለሁ። አንጀቴ አረረ፤ ዓይኔን ግን ማንም እርጥብ ሆኖ አላየውም። ይሄን ደስታ አልሰጠውም።

መስመሩን እንዲያወጣ የታዘዘው ዝምታው ነው። ሻይ ላይ ብስኩቱን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ወደኔ ገፋ።

«አወጣኸው?»

«አይሆንም አልኩት።»

ግማሹን ብስኩት በላሁት። እንደሱ የሚጣፍጥ ብስኩት በልቼ አላውቅም።

መጋቢት 5

የግራጫ ኮቷ ሴትዮ ድርጅት መልስ ሰጥቷል። ያልፈቀደ ሰው መረጃ አንቀበልም፣ የተቀበልነውንም አጥፍተናል ብለዋል። አቶ ግራፍ ሲያልፍ አላየኝም። መስመሩ ግን እዚያው አለ። ቦታዬን ወሰደ እንጂ እሱን አልወሰደውም።

መጋቢት 8

ትንሿ ትናንት ምን እንዳደረገች ልጻፍ፣ እንዳይጠፋብኝ።

እራት ላይ ተነስታ ወደ ክፍሏ ገባች። መድኃኒቷን ከጫማው አውጥታ መጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ በጨው ዕቃው አጠገብ።

«ያ መልእክት አልተሳሳተም» አለች። «የሚጥል በሽታ አለብኝ። እኔ ነኝ። መድኃኒቴ ይኸው፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚሁ ነው የሚቀመጠው። ሂጂ ካሉኝ እሄዳለሁ፤ ተደብቄ ግን አልውጥም።»

ራሷ ብላዋለች፣ ስለዚህ አሁን እጽፈዋለሁ። የሚጥል በሽታ።

ባሏ ወንበሩን ጎትቶ አጠገቧ ተቀመጠ። አማቷ ሳህናቸውን አንስተው ወጡ። እኔ ስልኩን ይዤ አለቀስኩ፣ እሷ «ምን ሆነሻል?» ብላ ሳቀችብኝ።

መጋቢት 12

አማቷ እስካሁን አላነጋገሯትም። ዛሬ ጠዋት ግን መድኃኒቱን ስታነሳ የውሃ ብርጭቆ ወደሷ አስጠጉላት። ብርጭቆውን ብቻ፣ ቃል የለም። ትንሿ ይሄን ሁለቴ ነገረችኝ።

መጋቢት 19

ስልክ ላይ ዋልኩ። ከምሳ በኋላ አንድ ሴትዮ ደወሉ፣ በሹክሹክታ።

«ልጄ፣ እዚያ ገጽ ላይ አይሆንም የሚል ቁልፍ አለ ይባላል?»

ገና «ልጄ» ሲሉ አወቅኳቸው። የትንሿ አማት ናቸው። እሳቸው እኔ ወደ ስልክ ሥራ መዛወሬን አያውቁም፤ ድምፄን ወፈር አደረግኩት።

«አለ እናቴ። ገጹ ሲከፈት ከታች ነው።»

«ከተጫንኩት የምር አይሆንም ነው? ወይስ እንደ በፊቱ መልእክት ይመጣብኛል? ስልኬን እዚህ ቤት ሁሉም ነው የሚያነሳው።»

«የምር ነው። በፊት አይሠራም ነበር፤ አሁን ይሠራል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ። የጻፈችውን ልጅ አውቃታለሁ።»

ተነፈሱ። 

«ምራቴ መድኃኒቷን እራት ጠረጴዛ ላይ ነው የምታስቀምጠው» አሉ። «በሰው ፊት። እኔ እንደሷ ደፋር አይደለሁም።»

ማዳመጫውን ጨብጬ ያዝኩት።  «በሚመችዎት ጊዜ ነው እናቴ፣ ማንም አያስገድድዎትም» አልኳቸው።

የመድኃኒታቸውን ስም ነገሩኝ። የትኛው ፋርማሲ ውስጥ እንዳለ ነገርኳቸው። መርቀውኝ ዘጉ።

ለትንሿ አልነግራትም። የምን መድኃኒት እንደሆነም እዚህ አልጽፈውም።