የዳማ ኩላሊትና የአባባ ዝምታ

ይድረስ ለእታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ያ የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይ? ባለቤትሽስ? ጥርስ ስታበቅል እንቅልፍ የነሳቻችሁ ልጅስ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ብዕሩ እምቢ አለኝ።

ስትሄጂ ለአባባ አደራ ብለሽ የተውሽው ውሻሽ፣ ዳማ፣ አርጅቶ ሞተ ብዬ በስልክ የነገርኩሽ ውሸት ነው።

አንድ ሰሞን የኋላ እግሩን ማነከስ ጀመረ። ቀጥሎ ውሃ አልጠግብ አለ፤ ሳፋ ሙሉ ጨርሶ ደጅ ደጁን ሲሸና ይውላል። ምግብ ሲቀርብለት አሽትቶ ፊቱን ያዞራል፣ ያስመልሰዋል፤ ትንፋሹ ሽንት ሽንት ይሸታል። የእንስሳት ሐኪሟ ዘንድ ወሰድነው። ድዱን ገልጣ አየች፣ ደሙንና ሽንቱን መረመረች፤ ኩላሊቱ ደሙን ማጣራት አቅቶታል አለችን። ምን መድኃኒት ወስዷል ብላ ስትጠይቅ አባባ መሬት መሬቱን እያዩ "ምንም" አሉ። እሷም የእርጅና መስሏት የትውከት ማስታገሻ ሰጥታ፣ ምን እንደሚበላ ነግራን ሸኘችን።

በአራተኛው ቀን ጓዳ ስገባ፣ አባባ አንቺ ለጉልበታቸው የላክሽውን ኪኒን በማንኪያ ጀርባ ደቁሰው ከዳማ ምግብ ጋር ሲለውሱ ደረስኩባቸው። ለካ ማነከስ ከጀመረ አንስቶ ሲሰጡት ኖረዋል። "እኔን ያስነሳኝ እሱን ይጥለዋል እንዴ?" አሉኝ። ታዲያ ለሐኪሟ ለምን ደበቁ ብላቸው፣ "ልጄ የላከችለትን ለውሻ አበላ ልባል?" አሉ።

ተሸክሜው ሮጥኩ። ሐኪሟ ኪኒኑን አገላብጣ አየችና ለሰው ደህና ነው፣ የውሻ ኩላሊት ግን አይችለውም፤ ያን ቀን ብትነግሩኝ ኖሮ አለች። ጉሉኮስ ተከለችለት። በሦስተኛው ቀን ሽንቱ ጭራሽ ቆመ። ከስቃዩ በመርፌ ስታሳርፈው ጭንቅላቱን ይዘው የነበሩት አባባ ናቸው።

እዚያው በሩ ላይ፣ ሰው ፊት፣ "እርስዎ ገደሉት" አልኳቸው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና አይመለስም። ከዚያ ወዲህ ኪኒኑን መውሰድ ትተዋል፤ ጉልበታቸው አብጦ ግድግዳ እየያዙ ነው የሚሄዱት። ሳነሳባቸው "የልጄን አደራ በልቼ ደግሞ መድኃኒቷን ልዋጥ?" ይላሉ።

እኔን አይሰሙኝም፤ አይፈረድባቸውም። አንቺ ደውይላቸው። አርጅቶ ነው እያልሽ ግን አታባብያቸው፤ እንደምታውቂ ይወቁ፣ አውቀሽም ልጃቸው እንደሆንሽ ይስሙ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሽልኝ። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። ባለቤቴ ናፍቆቷ ብዙ ነው። አክስታችን ዓይኗ ቢደክምም ምላሷ እንዳለ ነው፤ ሰላም ብላሻለች። አባባ ሰላም በላት አላሉኝም፤ አሉ ብዬም አልጽፍልሽም።

ወንድምሽ
ከአባባ ቤት፣ ግንቦት 9 ቀን