ቀዩ እንዲደምቅ

አንቺ ጭቃ አቡኪ ጓደኛዬ፣

እኚያን ስንት የተወራላቸውን አሮጊት ሠዓሊ አገኘኋቸው! እኔና አንቺ ስንሥል ቀዩ ቀለም ሲደበዝዝብን ቀይ እየደራረብን ጭቃ እናደርገው የለ? ይህን ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ቀለም የሚደምቀው በጎረቤቱ ነው። ዙሪያውን አደብዝዢው፤ ቀዩ ራሱ ይንቦገቦጋል» አሉኝ።

የሞተች ልጃቸውን በዘይት ቀለም ሥለው ግድግዳ ላይ ሰቅለዋታል። ቀይ ሹራቧ ፍም ነው፤ እጄን ላሞቅበት ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር። ከእሷ በቀር ግን ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ አመድ የመሰለ ነው። መጋረጃው፣ ወንበሩ፣ የእሳቸው ከንፈር እንኳ።

«ቁጭ በይ እንጂ! እንግዳ አጠገቧ ሲቀመጥ ይበልጥ ታምራለች» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ስንጫወት ሥዕሉ ላይ የልጅቷ ጉንጭ ቀላ። ዓይኔ ነው ብዬ ጨዋታዬን ቀጠልኩ። ልሰናበት ስነሳ ግን አንቺ የሠራሽልኝ ብርቱካናማ ሻርፕ አንገቴ ላይ ግራጫ ሆኗል፤ ጥፍሮቼም እንደዚያው። ፀሐይ ላይ ወጥቼም ቀለማቸው አልተመለሰም። እሳቸው ከበር ሆነው፣ «ጓደኛ የለሽም? አምጪያት» ይሉኛል።

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ጉልበታቸውን፣ ያንን ለፍላፊ ወንድምሽን ጉንጩን ሳሚልኝ። ይሄ የምጽፍልሽ ካርድ እሳቸው ቤት ሳለሁ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ስገዛው ፊቱ ላይ ቢጫ አበቦች ነበሩበት፤ አሁን ቢጫው ለእኔ አይታየኝም። ቢጫ ሆኖ ከደረሰሽ የታመመው ዓይኔ ነው። አመድ ሆኖ ከደረሰሽ ግን፣ የኔ ቆንጆ፣ ብጠራሽም እንዳትመጪ።